በገረጋንቲው ጉድጓድ ያልበቀለው

ከነገሌ ወደ ክብረ መንግሥት በሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሲኬድ፣ በስተግራ በኩል መንገድ ሠሪዎች ገረጋንቲ ያወጡበት ጉድጓድ አለ። ገረጋንቲ የሚሉት ለመንገድ ንጣፍ የሚሆነውን ጠጠር የበዛበት ቀይ አፈር ነው። በ1959 ዓ.ም. መጨረሻ ዶዘሩ የላዩን አፈር ከነሣሩና ከነቁጥቋጦው ጠርጎ ዳር ላይ ከመረው። ከሥሩ ያለውን ገልባጭ መኪኖች ጭነው ወሰዱት። ሲጨርሱ የቀረው የኳስ ሜዳ የሚያህል፣ አንድ ቅጠል የሌለበት ቀይ መሬት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ፣ ከእርሻ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ አቶ ሸዋንግዛው የሚባሉ የዕፅዋት ባለሙያ መጥተው በጉድጓዱ ውስጥ አሥር ካሬ ለኩ። እያንዳንዱ ካሬ ወርዱም ቁመቱም አንድ ሜትር ነው። በአራቱም ማዕዘን የብረት ካስማ ተመትቶ ዙሪያውን ሲባጎ ተወጥሮበታል። ሥራው ቀላል ነበር። በየወሩ አሥራ አምስተኛው ቀን አንድ ሰው ይሄድና በየካሬው ምን እንደበቀለ፣ ስንት እንደሆነና ቁመቱ ምን ያህል እንደሆነ በደብተር ይጽፋል። ይህ ሁለት ዓመት ይቀጥላል። ያን ጊዜ እንዲህ የተላጠ መሬት በራሱ ወደ ግጦሽ ለመመለስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት፣ የቱ ተክል የቱን ተከትሎ እንደሚመጣም ይታወቃል።

የምትጽፈው ልጄ አሸቱ ሆነች። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ በነገሌው የእርሻ ቅርንጫፍ ጊዜያዊ ጸሐፊ ነበረች። አቶ ሸዋንግዛው ደብተሩን ሲሰጧት፣ «ሁለቱን ዓመት ሳታጓድይ ከያዝሽው ለእርሻ ኮሌጅ ስምሽን የምልከው እኔ ራሴ ነኝ» አሏት። ለቅርንጫፉ የሚደርሰው በዓመት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሸቱ ስለ ሌላ ነገር ብዙም አላወራችም።

በመጀመሪያው ዓመት የተጻፈው ነገር ጥቂት ነው። በአብዛኞቹ ካሬዎች አንጻር «የለም» ይላል። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ በሁለት ካሬ ኩርንችት ወጣ፤ እሾኹ የልጅ እግር የሚወጋው፣ መሬት ላይ የሚንፏቀቀው ቢጫ አበባ ማለት ነው። በካሬ ዘጠኝ አንድ ቀጭን ሣር በቅሎ በጥር ደረቀ። አሸቱ ሣሩ ሲደርቅ ሦስት ቀን ከፍቷት ነበር። እኔ ግን ከጅምሩም ይጸናል ብዬ አልጠበቅኩም።

በየካቲት 1961 በአሮጌው የጣልያን ሰፈር የአንድ ሰው በሬ የተቀበረ ፈንጂ ረግጦ እግሩ ተቆረጠ። ሰፈሩ ከጉድጓዱ የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል፣ ያውም በሌላ አቅጣጫ። ወሬውን የሰማሁት ገበያ ላይ ነው። ወደ ቤት ስመለስ በሬውን ትቼ አሸቱን እያሰብኩ ነበር።

ባለቤቴ ሃምሳ አለቃ ቢረሳው ጦር ሰፈር ነው የሚሠራው። ማታ ነገርኩት።

«ያ ጉድጓድ በዶዘር የታረሰ ነው» አለኝ። «ዶዘር ያላፈነዳውን የአሸቱ ሸራ ጫማ ያፈነዳዋል?»

«ዶዘሩ ያልነካው ቦታ ቢኖርስ?»

«ሴትዮ፣ አንቺን ጦር ሜዳ ብወስድሽ ጠላት ገና ሳይተኩስ ተዝካሬን ታወጫለሽ።»

ሳቀና ጫማውን ማውለቅ ቀጠለ። እኔ ግን አሸቱን ከጉድጓዱ የማርቅበትን ዘዴ አስቤ ጨርሼ ነበር። ሐገረ ማርያም ያለችው እህቴ የሺ በመጋቢት መጀመሪያ ትወልዳለች። አሸቱ ሄዳ ታርሳት ብዬ ጻፍኩ፤ እህቴም ደስ አላት። አሸቱን፣ «አክስትሽን የሚያርሳት ሰው ጠፋ» አልኳት። ይህ እውነት ነበር፤ እውነቱ ሁሉ ግን አይደለም። ቅርንጫፉም ለጊዜያዊ ሠራተኛ ደመወዝ ስለማይከፍልበት ፈቃዱን አልከለከላትም።

«ደብተሩስ?» አለችኝ። «በዚህ አገር ከመጋቢት እስከ ሰኔ ትልቁ ዝናብ ነው። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት እሱን ነው።»

«እኔ እቆጥርልሻለሁ።»

«አንቺ መንደር ለመሻገር ሦስት ጊዜ የምታማትቢ ሴትዮ?»

«ስድብ አያስፈልግም። አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ሠንጠረዥ መሙላት አያቅተኝም። የማየውን ጽፌ በፖስታ እልክልሻለሁ፤ አንቺ በደንቡ ትገለብጪዋለሽ።»

ተሰናብታኝ ሄደች። ለአርባ ቀን ነበር የሄደችው። አርባው ቀን ሳይሞላ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው፤ መንገዱ ሲከፈት ደግሞ «አክስትሽ ገና አልጠናችም፣ አትቸኩዪ» እያልኩ ጻፍኩላት። እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ወር ሆነ።

መጋቢት 15 ቀን ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። እስከ መንገዱ ዳር ደረስኩ። ከመንገዱ እስከ መጀመሪያው ካሬ ሃምሳ እርምጃ ያህል ይሆናል። ካስማዎቹ ይታያሉ። መሬቱ ገና ከዝናቡ ርጥብ ነበር፤ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ነገር ነጠብጠብ ብሎበታል፤ ምን እንደሆነ ግን ከሩቅ አይለይም። ከካሬ አንድ አጠገብ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁ። የጣሳ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። በሚያዝያ ከከተማው አልወጣሁም።

በዚያ መሀል የአሸቱ ደብዳቤ መጣ። «እማዬ፣ ካሬ ሦስት ምን አለው? የካሬ ዘጠኙ ሣር እንደገና በቀለ ወይ? ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ጻፊልኝ» ይላል።

የእርሻ ቅርንጫፉ ዘበኛ ጎሊቻ የሚባሉ ቦረና ሽማግሌ ናቸው። ከብቶቻቸው በበሽታ አልቀውባቸው ነው ከተማ የገቡት። ስለ ሣር የማያውቁት የለም፤ ሠራተኞቹም ሁሉ ይህን ይመሰክራሉ። አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ አገኘኋቸው።

«አካም፣ ጋሽ ጎሊቻ፣ ናጋ?»

«ናጋ፣ የአሸቱ እናት። ልጅቷ አልመጣችም?»

«ትመጣለች። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ባዶ መሬት ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ምንድነው?»

«የምን ባዶ?»

ስለ ካሬዎቹ ለመናገር አፈርኩ። ያልቆጠርኩትን ቆጠርኩ ብዬ ልጽፍ እንደሆነ እንዳያውቁብኝ ፈራሁ። እሳቸው አይተው የሚያውቁትን ባዶ መሬት ብጠይቅ የተሻለ መሰለኝ።

«ለምሳሌ ኦላ ከሰፈረበት ሲነሳ፣ ከብት ያድርበት የነበረው ቦታ» አልኩ። ኦላ የሚሉት የከብት አርቢዎችን መንደር ነው፤ ግጦሹ ሲያልቅ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይሰፍራል።

«እሱማ የታወቀ ነው» አሉ። በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «መጀመሪያ አሳንጊራ ይመጣል።»

«አስተናግር?»

«እናንተ አስተናግር ትላላችሁ። ይቆማል፣ ይሄን ያህል። ከብት አይነካውም። ቀጥሎ ህዲ ይመጣል፤ እንቧይ። ከዚያ ሰርዶ ከዳር ገብቶ ሁሉንም ይሸፍናል። ሰርዶ ከመጣ ጥጃ ይገባበታል።»

«በስንተኛው ወር?»

«ወር አልቆጥርም፤ የምቆጥረው ዝናብ ነው።» ከዚያ ፊቴን አዩኝ። «ከብት ልትገዢ ነው እንዴ? ሃምሳ አለቃው ደመወዝ ተጨመረለት?»

«አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው።»

«ለማወቅ» አሉ። «ይሁን።»

እኔ ባዶ መሬት ያው ባዶ መሬት ነው ብዬ አሰብኩ። ከብት ይርገጠው ዶዘር ይጥረገው፣ ሣሩ ከጠፋ ጠፍቷል። ያደግሁት በድንጋይ አጥርና በታረሰ ማሳ መሀል ነበር፤ እኛ ዘንድ መሬት የሚጠየቀው የማን እንደሆነ እንጂ ምን እንዳለፈበት አይደለም።

ማታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የመጋቢትንና የሚያዝያን ሞላሁ። በመጋቢት በካሬ ሦስት ሁለት አስተናግር፣ ቁመቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር። በሚያዝያ አምስት አስተናግር፣ አንድ እንቧይ። በኋላም በግንቦት እንቧዩን ወደ አራት ካሬ አስፋፋሁት። በሰኔ ሰርዶ በሦስት ካሬ፣ ቁመቱ አራት ሴንቲ ሜትር። ቁጥሩን ሁልጊዜ ዝቅ አድርጌ ነበር የምጽፈው፤ ብዙ ብዬ ከምጠየቅ ጥቂት ብል ይሻላል። በካሬ ሰባት የጻፍኳቸውንም ሁለት አስተናግሮች በግንቦት ገደልኳቸው። ሁሉም ድኖ ከተጻፈ የሚያምነኝ የለም ብዬ ነው።

ቢረሳው አንድ ጊዜ ከኋላዬ መጥቶ ወረቀቱን አየ።

«ሄደሽ ቆጠርሽ?»

«አየሁት» አልኩ። መንገድ ዳር ቆሜ አይቼው የለም? ሌላ አልጠየቀኝም።

አሸቱ በሐምሌ መጀመሪያ ተመለሰች። አራቱን ደብዳቤዎች በደብተሩ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፏ ገልብጣቸው ነበር። ሐምሌ 15 ወደ ጉድጓዱ መሄዷ አይቀርም፤ ልከለክላት ሞከርኩ፤ አልሰማችኝም። ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ እያራገፈች ቆመች።

«እማዬ፣ ሰርዶው የቱ ጋ ነው የነበረው?»

«በካሬዎቹ ውስጥ ነዋ።»

«አሁን የለም። አስተናግሩም የለም።»

«ፍየሎች ገብተው ነበር» አልኳት። ይህን ለማለት አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። እሷም፣ «ፍየል ገብቶ በልቶታል» ብላ በደብተሩ ጻፈች። እኔ ስለነገርኳት አመነች። ከዚያ ቀን ወዲያ ሌሊት ብዙ አልተኛሁም። አቶ ሸዋንግዛው በነሐሴ ይመጣሉ።

የመጡት ነሐሴ 20 ቀን ነው። በቢሮ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና የሰኔን ገጽ ሲያዩ ቀና አሉ።

«ሰርዶ! በሁለት ዓመት?»

«አዎ» አለች አሸቱ።

«ይህ ከሆነ ስለ መንገድ ጉድጓዶች የምናስበው ሁሉ ሊለወጥ ነው። ሄደን እንየው።»

ለኮሌጁ የሚሞላው ቅጽ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር፤ አውጥተው ለአሸቱ አሳይተዋታል፣ መልሰውም ከተውታል። እኔ ቢሮ የተገኘሁት ምሳ ላደርስላት ነው ብዬ ነበር። «እኔም ልምጣ?» ስላቸው፣ «ይምጡ፣ እርስዎም እኮ አግዘዋታል አሉ» ብለው የላንድሮቨሩን በር ከፈቱልኝ። ጋሽ ጎሊቻ ካስማዎቹን ለማጥበቅ መዶሻ ይዘው ከኋላ ተቀመጡ።

ጉድጓዱ ውስጥ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። የሚያብረቀርቀው ነገር የሰርዲን ቆርቆሮ ነው። በአሸቱ እግር ዱካ ላይ እየረገጥኩ ሄድኩ።

አቶ ሸዋንግዛው በካሬ ሦስት ተንበረከኩ። ብዙ ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ወደ ካሬ አምስት፣ ከዚያ ወደ ሰባት ሄዱ።

«አሸቱ፣ አስተናግሩ የት አለ?»

«ፍየል በልቶት ነው።»

«ፍየል አስተናግር አይበላም። ሲደርቅ ደግሞ አገዳው ቆሞ ይቀራል፤ እሾኻሙ ፍሬም እዚያው ይሰነጠቃል።» ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡና መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ሰርዶ ቢበላ እንኳ ሥሩ ይቀራል። ሥር የለም። እዚህ ተክል ኖሮ አያውቅም።»

አሸቱ ጎንበስ ብላ የተጫረውን አፈር ነካችው።

«ጽሑፉ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«አይተሽ ነው የጻፍሽው?»

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። የገባት ያን ጊዜ ነው፤ አውቃለሁ፣ ፊቷን አይቼዋለሁ። አገጯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ መልሳም ወደ መሬቱ አየች።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

አቶ ሸዋንግዛው ደብተሩን ዘጉት። «ኮሌጁ ብዙ የሚያውቅ ሰው አይፈልግም፤ እውቀቱን እዚያ ይሰጡሻል። የሚፈልገው ያየውን የሚጽፍ ሰው ነው። እንግዲህ ቅጹን ሳልሞላ ይዤው እመለሳለሁ።»

«አላየችም» አልኩ። «እዚህ አልነበረችም። እኔ ነኝ የጻፍኩላት። እኔም አላየሁም።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በሬውን፣ እህቴን፣ መንገድ ዳር መቆሜን። ድምፄን ስሰማው የሌላ ሰው ጉዳይ የማወራ መሰለኝ። አሸቱ ከእኔ ራቅ ብላ ሲባጎውን በጣቷ ስትጎትት ነበር።

«አስተናግርና ሰርዶን ከየት አመጧቸው?» አሉኝ አቶ ሸዋንግዛው። «ቅደም ተከተሉ እኮ የተጠና ነው። የማያውቅ ሰው እንዲህ አይፈጥርም።»

«ጋሽ ጎሊቻን ጠይቄ ነው።»

ጋሽ ጎሊቻ መዶሻውን አስቀመጡ። «እኔን?» አሉ። «መቼ ጠየቅሽኝ? አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ኦላ ነው።»

«ያም ባዶ ነው፣ ይህም ባዶ ነው ብዬ።»

«ሆድሽ ባዶ ሲሆንና ድስትሽ ባዶ ሲሆን አንድ ነው?» አሉኝ። እየሳቁ ነበር፤ ክፋት አልነበረውም። «ኦላ እኮ ከብት አሥር ዓመት የተኛበት ነው። ፍጉ እስከዚህ ይደርሳል» ብለው ጉልበታቸውን አሳዩ። «አሳንጊራ ፍግ ይወዳል። ሰርዶም ፍግ ይወዳል። ይሄ ቆዳው የተገፈፈ መሬት ነው። እዚህ አሳንጊራ ምን ሊበላ ይመጣል?»

አቶ ሸዋንግዛው ከመሬቱ ተነሡ። «እዚህስ ምን ይመጣል?»

ሽማግሌው በካሬዎቹ መሀል በቀስታ መራመድ ጀመሩ፤ በበትራቸው እየጠቆሙ። ኩርንችት መጥቷል። እሱ መሬቱን ይሸፍናል፣ አቧራም ይይዛል። አቧራው ላይ ቢላ የሚሏት ቀጭን ሣር ትወጣለች፤ ራሷ ላይ ሦስት ጢም አላት፣ ከብት ሲርበው ካልሆነ አይበላትም። እሷ ብዙ ጊዜ ትሞታለች፣ መልሳም ትወጣለች። ፍየል ካለፈ ከጣለው በጠጥ ግራር ይበቅላል። ግራር ጥላ ከሰጠ ያን ጊዜ ደህና ሣር ከሥሩ ይጀምራል።

«ስንት ዝናብ ይፈጃል?»

«እኔ አላየውም» አሉ ጋሽ ጎሊቻ። «እሷ ምናልባት ታየው ይሆናል» ብለው ወደ አሸቱ ጠቆሙ።

አቶ ሸዋንግዛው በራሳቸው ማስታወሻ የኦላውንም የጉድጓዱንም ለየብቻ ጻፉት። ሽማግሌው ያሉትን ሁለት ጊዜ አስደግመዋቸዋል። ከዚያ የአሸቱን ደብተር ከፍተው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለውን በአንድ ረጅም መስመር ሰረዙትና «አልታየም» ብለው ፈረሙበት። የሐምሌውንም የፍየል ነገር ሰረዙ።

«ትልቁ ዝናብ ከሌለበት ደብተሩ ለምንም አይሆንም» አሉ። «ዘንድሮ ስምሽን አልልክም። አንድ ዓመት እጨምርልሻለሁ። አራቱ ወር ተቆጥሮ በሰኔ መጨረሻ ደብተሩ እጄ ከገባ፣ ያን ጊዜ እልካለሁ። አንድም ቢጎድል ቦታው የሌላ ቅርንጫፍ ነው። ማንም ይቁጠረው፤ ግን የቆጠረው ሰው ስም ከጎኑ ይጻፍ።»

የጠበቅኩት ከዚህ የከፋ ነበር። ከሥራ ያስወጧታል፣ ይከሷታልም ብዬ ነበር። ይህን ለአሸቱ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

ቤት ገብተን አራት ቀን አላናገረችኝም። በአምስተኛው ቀን ልብስ እያጠፈች፣ «ለምን ‹አልሄድኩም› ብለሽ አልጻፍሽልኝም?» አለችኝ።

«ትመጫለሽ ብዬ።»

«እመጣ ነበር።»

«ለዚያ ነዋ።»

ያጠፈችውን አንሶላ ፈትታ እንደገና አጠፈችው።

በሚቀጥለው ዓመት መጋቢትን ቆጠረች። ሚያዝያን ቆጠረች። ዝናቡ ደህና ነበር። በካሬ አራት ዘጠኝ ቢላ በቅሎ ስለነበር ቢረሳውን ሳይቀር ይዛ ሄዳ አሳየችው። እሱም ሲመለስ፣ «ዘጠኝ ሣር ለማየት ሁለት ሰዓት የተጓዘ ወታደር እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

ግንቦት 12 ቀን ወባ ያዛት። መጀመሪያ ብርድ፣ ከዚያ ትኩሳት። ክኒኑን ከጦር ሰፈሩ ክሊኒክ ቢረሳው አመጣላት። በአሥራ አራተኛው ቀን ማታ ትኩሳቱ በረድ አለ፤ በአሥራ አምስተኛው ጠዋት ግን ተመልሶ መጣ። ከአልጋው ለመነሣት ሞክራ መልሳ ተኛች።

«ዛሬ አሥራ አምስት ነው» አለች።

«ነገ ትሄጃለሽ» አልኩ።

«ነገ አሥራ ስድስት ነው።»

ቢረሳው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «እኔ ልሂድ?» አለኝ። እሱ ኩርንችትን ከሽንብራ አይለይም። ያም ቢሆን እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። በሁለት በኩል የሚያስፈራ ነገር አለ፤ ከእሷ አጠገብ ተለይቼ ብሄድ ስመለስ ምን እንደምሰማ አስቤ ጨርሻለሁ፤ ባልሄድ ደግሞ ምን እንደምታጣ አውቃለሁ።

«አንተ እሷ ጋ ሁን» አልኩት። «ውሃ ስትጠይቅ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ስጣት። ጨርቁን እየነከርክ ግንባሯ ላይ አድርግ።»

«አውቃለሁ።»

«ከተንቀጠቀጠች ሐኪሙን ጥራ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ። ሂጂ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ።»

ደብተሩን፣ እርሳሱንና ማስመሪያውን በነጠላዬ ጫፍ አስሬ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ሁለት ገልባጭ መኪና አለፈኝ። ከመንገዱ ዳር እስከ ካሬ አንድ ሃምሳ እርምጃ ሳይሆን ሠላሳ ስምንት ነው፤ ቆጠርኩት። እያንዳንዱን እግሬን የማስቀምጥበትን አይቼ ነበር የማስቀምጠው፤ ዝናቡ የአሸቱን ዱካ አጥቦታል።

በካሬ አንድ ምንም የለም። በካሬ ሁለት ኩርንችት አራት፣ አንዱ አበባ ይዟል። በካሬ ሦስት ኩርንችት አንድ፣ ቢላ ሁለት። ተንበርክኬ ማስመሪያውን አጠገባቸው አቆምኩ። ቅርብ ሲሆኑ ጢማቸው በትክክል ሦስት ነው። ጠጠሩ ጉልበቴን ወጋኝ፤ ነጠላዬን አጥፌ ከሥሬ አደረግሁ።

በካሬ አራት ቢላ ሦስት ነበር። ሦስት ብቻ። መልሼ ቆጠርኩ። ሲባጎውን ተከትዬ በአራቱም ማዕዘን ፈለግሁ፤ ምናልባት ካሬውን ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ የካስማውን ቁጥር አየሁ። አራት ነው። ያለፈው ወር ዘጠኝ ነበሩ። ሦስት ብዬ ብጽፍ፣ አቶ ሸዋንግዛው ስሜን ከጎኑ ሲያዩ ምን እንደሚሉ ታየኝ። ይህች ሴትዮ ደግሞ ጀመረች፣ ባለፈው አበቀለች፣ አሁን አጠፋች ይላሉ። ስምንት ቢባል፣ ሰባት ቢባል ማንም አይጠይቅም። በዙሪያው ሰው አልነበረም። እርሳሱን ይዤ ትንሽ ቆየሁና ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ከጎኑ «ስድስቱ ለምን እንደጠፉ አላውቅም» ብዬ ጨመርኩ።

በካሬ ስድስት አንዲት ተክል ነበረች፤ ሁለት ጣት ታህላለች፣ ቅጠሏ እንደ ላባ ሆኖ በሁለት በኩል የተደረደረ ነው። ግራር ትመስላለች። ግራር ናት ብዬ ግን አልጻፍኩም፤ እሾኽ አላየሁባትም። «ስሟን የማላውቃት፣ አንድ» አልኩና ቅጠሏን እንደሆነልኝ ሣልኩ። ሥዕሉ አላማረም። እስከ ካሬ አሥር ጨርሼ ስሜን ሙሉውን፣ ወለተሐና ብዬ ከነአባቴ ስም ጻፍኩ።

ስመለስ አሸቱ ነቅታ ነበር። ፀጉሯ በላብ ተጣብቋል። ቢረሳው የተነከረውን ጨርቅ እንደያዘ በወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል።

«ገባሽ?» አለችኝ።

«ገባሁ።»

«ካሬ አራት?»

«ሦስት።»

«ዘጠኝ ነበሩ እኮ።»

«ሦስት ናቸው።»

ዓይኖቿን ጨፍና ቆየች። እንዳላመነችኝ አሰብኩ።

«ምን በላቸው?»

«አላውቅም። አላውቅም ብዬ ጽፌዋለሁ።»

«አሳዪኝ» አለች። ደብተሩን ደረቷ ላይ አድርጋ አነበበችው፤ እስከ መጨረሻው መስመር። ሥዕሉ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረች። «ይህ ቅጠል ነው ወይስ የዓሣ አጥንት?» አለች። ከዚያ ተኛች።

ሰኔን ራሷ ሄዳ ቆጠረች። ደብተሩ በሰኔ 26 በአደራ ፖስታ ተላከ። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ምንም አልተሰማም፤ በመንገድ ጠፍቷል ብዬ ሁለት ጊዜ ፖስታ ቤት ሄጃለሁ።

በነሐሴ መጀመሪያ ቅጹ መጣ። አቶ ሸዋንግዛው ከላዩ ላይ በትንሽ ወረቀት የጻፉት ነበር፤ የካሬ አራቱ ነገር በሌላ አገር ጉድጓድም እንደታየ፣ የመጀመሪያው ሣር ብዙውን ጊዜ እንዲህ እንደሚመናመን፣ በካሬ ስድስት ያለችውን ተክል ማንም እንዳይነካት ይላል። አሸቱ ወረቀቱን ይዛ ወደ ጋሽ ጎሊቻ ሮጠች።

ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። በግርጌው ተማሪዋ ለአራት ዓመት በኮሌጁ ግቢ እንድትኖር ወላጅ መፍቀዱን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገርና ባዶ መስመር አለ። ኮሌጁ ከነገሌ የሦስት ቀን መንገድ ነው። በመንገዱ ላይ ስላሉት ድልድዮች፣ ስለ ሾፌሮቹ፣ ስለ ማደሪያዎቹ አሰብኩ። ቢረሳው ጦር ሰፈር ነበር፤ ማታ ይመለስ ነበር፤ ልጠብቀው እችል ነበር። እርሳስ ስለማይቀበሉ ብዕር ፈልጌ ፈረምኩ።